ልዕለ ጀግናን ወደ ደሴ ሰፈር ማውረድ፦ በጨዋታ መሃል ካራክተር እንዴት ይስተካከላል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ውጦታል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ሳሎን ውስጥ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ጨዋታችን ደግሞ፣ እኔ ታሪክ የምተርክበት፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ሆነው የሚጫወቱበት፣ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። የዕለቱ ታሪክ እንዲህ ነው፦ አንድ ጅን ሰኞ ገበያ ገብቶ የሰው ድምፅ ይሰርቃል። ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ አንደበታቸው ተዘግቷል። ተጫዋቾቹ በየመደቡ እየዞሩ፣ እየጠየቁ፣ ማን ምን እንዳየ እያጣሩ ሊደርሱበት ይገባል። ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ምስጢር ነበር ያዘጋጀሁት።

"ነጎድጓድ" የሚባለውን ካራክተር የሚጫወተው ጓደኛችን "ከላይ ሆኜ ገበያውን አየዋለሁ፤ ጅኑን እንዳገኘሁት አንስቼ ጦሳ ላይ እወረውረዋለሁ" አለ። ይሳካለት እንደሆነ ለማየት ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ጣለ። 19 ወጣ፣ ተሳካለት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ታሪኩ አለቀ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ዳይሳቸውን እንኳን ሳያነሡ።

ልጁ ምንም አላጠፋም። ካራክተሩ የተሠራው ለዚያ ነው። ስንጀምር ያሰብነው ንጹሕ የሱፐርሂሮ ጨዋታ ነበር፤ ሰማይ ላይ የሚበር፣ ሕንፃ የሚያነሣ፣ በጠራራ ፀሐይ ከጭራቅ ጋር የሚተናነቅ። ታሪኩ ግን እየዋለ እያደረ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ኧርባን ፋንታሲ የሚባለው ዓይነት ሆነ፤ ባጃጁም ሞባይሉም ሳይቀር ዛሬ የምንኖርበት ከተማ ነው፣ ከጀርባው ግን ጅኑ፣ ዛሩ፣ ውቃቢው የራሱን ኑሮ ይኖራል፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ይህን አያውቅም። ሁላችንም ወደድነው። ካራክተሮቹን ጥሎ ከዜሮ መጀመር ግን ማንም አልፈለገም። ስለዚህ በመሃል አስተካከልናቸው። ጊዜ ፈጅቶብናል፣ አንድ ሁለት ቦታም ተሳስተናል፣ በመጨረሻ ግን ሠራ። ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ለገባ እንዲጠቅም ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ ከሚባለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው የሱፐርሂሮ ሮልፕሌይ ጨዋታ ሦስተኛ እትም ናቸው። እኛ የምንጫወተው እሱን ነው፣ በባለ 20 ገጽ አንድ ዳይስ። ሌላ ሕግ የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩ ይለያያል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ የሚጋጨውን ነገር ለዩ

ብዙ ሰው ካራክተሩ "ከበደ" ሲባል ወዲያው ኃይል መቀነስ ይጀምራል። ቆዩ። ኃይለኛ መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም። የካራክተሩ ችሎታና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ችሎታ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ነገር ታሪኩን ያስኬደዋል ወይስ ይዘለዋል?

ከነጎድጓድ ችሎታዎች ጉልበቱ ብዙም አይረብሽም ነበር። የጦሳን ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ምስጢር ፈልጎ ለማግኘት ጉልበቱ አይረዳውም። በረራው ነው ታሪኩን የሚዘለው። የበረራ ደረጃው 7 ነበር፤ በሕጉ መሠረት በሰዓት 250 ማይል፣ ማለትም ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ጎማው እየጮኸ፣ ሰው እየተሳፈረ እየወረደ፣ እሱ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ደርሷል። መንገድ ላይ የሚሆን ነገር ሁሉ ለእሱ የለም ማለት ነው። የኧርባን ፋንታሲ ግማሹ ደግሞ መንገድ ላይ የሚሆን ነገር ነው።

ሁለተኛው ግጭት መታየቱ ነው፤ ካራክተሩ በሰው ፊት ይታያል። ሱፐርሂሮ አደባባይ ላይ ይሠራል። የተደበቀው ዓለም ደግሞ የሚኖረው ሰው ስላላየው ነው። ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ሲበር አንድ ጊዜ ከታየ በማግስቱ ከተማው ሌላ ከተማ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ የተለየ ነው። የሱፐርሂሮ ፍልሚያ ሕንፃ ያፈርሳል። መኪና ይወረወራል፣ ፎቅ ይደረመሳል፣ ሰው ይሸሻል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገብቶ ነበር። በጠረጴዛችን ዙሪያ ያኔ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው አለ። አንድ ቀን እኔ "አረብ ገንዳ ላይ ያለው ፎቅ ይናዳል" ብዬ ስተርክ ሳሎኑ ጸጥ አለ፣ ማንም ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ አላለም። ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አንድ ነገር ወሰንን፦ በዚህ ጨዋታ ከተማችን አትፈርስም። ይህ ውሳኔ ብቻውን የካራክተሮቹን ግማሽ አስተካከለው፤ ምክንያቱም ከተማ የማይፈርስ ከሆነ 100 ቶን የሚያነሣ ክንድ የሚሠራው ሥራ የለም።

2. ወረቀቱን ከመንካታችሁ በፊት ተጫዋቹን ለብቻው አናግሩት

ይህን ዘልዬ ተቀጥቻለሁ። እሳት የምትጠራ ካራክተር የምትጫወት ጓደኛችን ነበረች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ኃይሏን ቀንሼ፣ ሁሉንም አሳምሬ፣ ቅዳሜ "ይኸው አስተካከልኩልሽ" ብዬ ሰጠኋት። አየችው። "እሺ" አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጫወተች፣ ግን ተራዋ ሲደርስ "እኔ ዝም ብዬ አያለሁ" ብቻ ነበር የምትለው። በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንነጋገር፣ ከሁሉም ያንገበገባት የቀነስኩት ጉዳት አልነበረም። ትንሿን ችሎታ ሰርዤባት ነበር፤ በጣቷ ሻማ የምታበራበትን። እኔ ዓይን ውስጥ የማትገባ ነጥብ ናት ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ካራክተሯን የፈጠረችው ለዚያች ሻማ ነው። መብራት ሲጠፋ ለታናሽ ወንድሟ የምታበራ ልጅ ናት፣ ታሪኳ እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። በቡድን ፊት ሳይሆን ለየብቻ፣ በስልክም ይሁን። ጥያቄው አንድ ነው፦ "ከካራክተርህ አንድ ነገር ብቻ ይቀርልሃል ብትባል ምንን ታስቀራለህ?" መልሱን ቃል በቃል ጻፉት። ያ ነገር አይነካም። ሌላው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

የነጎድጓድ ባለቤት ምን አለ? "በረራዬን።" በትክክል እኔ ልሰርዘው ያሰብኩትን። አብሽሩ፣ መውጫ አለው፣ እመጣበታለሁ።

3. ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ፣ ነጥቡን ተዉለት

ከሁሉም በላይ የሠራልን ይህ ነው።

በዚህ ጨዋታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ፓወር ሌቭል ነው፤ ጣሪያው ማለት ነው። ሌላው ካራክተሩ የተሠራበት ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ችሎታ የሚገዛው በእሱ ነው። የተለመደው የሱፐርሂሮ ጨዋታ በፓወር ሌቭል 10 እና በ150 ነጥብ ይጀመራል። ሰው ሁለቱ የተጣበቁ ይመስለዋል፣ አይደሉም። ጣሪያውን ወደ 8 አውርዳችሁ 150 ነጥቡን እንዳለ መተው ትችላላችሁ። በሕጉ ፓወር ሌቭል 8 ሲጀመር 120 ነጥብ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በ150 የተሠራ ሰው በአንድ ነገር ከሁሉ የላቀ ባይሆንም በብዙ ነገር የበሰለ ይሆናል። ለኧርባን ፋንታሲ የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ነው፤ ሰው ማናገር የሚችል፣ ውሸት የሚለይ፣ ከተማውን የሚያውቅ፣ ሲቸግር ደግሞ የሚመታ።

በቁጥር እንየው። ጣሪያው የሚሠራው በድምር ነው፦ የመምቻ ችሎታና የጉዳቱ ደረጃ ሲደመሩ ከፓወር ሌቭሉ እጥፍ አይበልጡም። ማምለጥና ጥንካሬም እንዲሁ። ነጎድጓድ በ10 ጣሪያ ላይ ሲሠራ መምቻው 8፣ ጉልበቱ (በእጁ ሲመታ የጉዳቱ ደረጃ እሱ ነው) 12 ነበር፤ ድምሩ 20። ማምለጫው 6፣ ጥንካሬው 14፤ ይህም 20። ጣሪያው 8 ሲሆን ድምሩ 16 ነው። መምቻውን 7፣ ጉልበቱን 9 አደረግነው። ማምለጫው እዚያው 6 ላይ ቀረ፣ ጥንካሬው 10 ሆነ።

ይህ በታሪኩ ውስጥ ምን ማለት ነው? ጉልበት 12 ወደ 100 ቶን ያነሣል። ጉልበት 9 ወደ 12 ቶን ነው። አሁንም ሐረጎ ላይ ከመንገድ የወጣ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ደግፎ ይይዛል፤ ፎቅ ነቅሎ ግን አይወረውርም። ተጫዋቹ ይህን ሲሰማ "እንዲያውም እንዲህ ይሻላል፣ ሚኒባሱን ስይዝ ክንዴ ይንቀጠቀጣል" አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ እንደገባው ያወቅኩት።

አሁን የተረፈውን ቁጠሩ። ጉልበት በደረጃ 2 ነጥብ ነው፤ ሦስት ሲቀንስ 6 ነጥብ ተረፈ። ጥንካሬው የመጣው ከመከላከያ ኃይል ስለሆነ በደረጃ 1 ነጥብ ነው፣ አራት ተረፈ። ከመምቻው የተረፈችውን ተዉአት። በዚህ ብቻ 10 ነጥብ አለው። በረራውን ስናስተካክል ደግሞ ሌላ 7 ይጨመራል። 17 ነጥብ ትልቅ ሀብት ነው፣ ምክንያቱም ክህሎት ላይ ሲውል 1 ነጥብ 2 ደረጃ ይገዛል። ነጎድጓድ 2 ነጥብ ለሁለት ጥቅሞች ከፈለ፤ አንዱ የሚያውቃቸው ሰዎች መረጃ ቶሎ እንዲያቀብሉት፣ ሌላው ስለ አንድ ሰው ወሬ ቀድሞ እንዲደርሰው። በቀሪው 15 ነጥብ 30 ደረጃ ክህሎት ገዛ፦ ማስተዋል፣ የሰው ስሜት ማንበብ፣ ማግባባት፣ የገበያ ዕውቀት። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ገበያ ሲገባ ከሰማይ የሚያይ ሳይሆን የበርበሬ ሻጯን በስሟ የሚጠራ ሰው ሆነ።

ጠላቶቹንም አብራችሁ አውርዱ። ለፓወር ሌቭል 10 ያዘጋጃችሁትን ክፉ መንፈስ ብቻውን ለአራት ሰው ማቅረብ ይቻላል፣ በደንብ ያላባቸዋል። ተከታዮቹን ጨምራችሁ ካመጣችሁት ግን ይጨርሳቸዋል።

4. የኃይሉን መልክ ቀይሩ፣ ቁጥሩን ሳትነኩ

በዚህ ጨዋታ አንድ ኃይል ሁለት ክፍል አለው፦ የሚያደርገው ነገርና የሚመስለው ነገር። ከሩቅ የሚመታ የ8 ደረጃ ጉዳት ሌዘር ሊሆን ይችላል፣ የድምፅ ሞገድ ሊሆን ይችላል፣ እርግማንም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው። ስለዚህ ከላብራቶሪና ከሌላ ፕላኔት የመጣውን ሁሉ እዚሁ ሀገር ወዳለ ነገር መመለስ አንድ ነጥብ እንኳን አያስወጣም።

ነጎድጓድ ኃይሉን ያገኘው ከሰማይ ከወደቀ የባዕድ ፍጥረት ድንጋይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን ደሴ አሉት የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። በቃ። ድንጋዩ የዚያ ኮከብ ስባሪ ሆነ። አንዲት ቃል ቀየርን፣ ልጁም በአንድ ጊዜ የከተማው ታሪክ አካል ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ደስ ይለኛል። አንዱ ተጫዋቻችን በጩኸት የሚመታ ካራክተር ነበረው፤ ከአፉ ሞገድ የሚወጣ፣ መስታወት የሚሰብር። እኛ ያለነው ወሎ ነው እኮ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ ሀገር ስም ናቸው። ጩኸቱን ትተን መሰንቆ ሰጠነው። በባቲ ሲቃኝ ይመታል፣ በአምባሰል ሲቃኝ ቁስል ያሽራል፣ በትዝታ ሲቃኝ የሰማው ሁሉ በራሱ ትዝታ ተይዞ ባለበት ይቀራል፣ በአንቺ ሆዬ ሲቃኝ የሌለ ነገር ያሳያል። በሕጉ ዋናው ኃይል፣ ከሩቅ የሚመታ ጉዳት 8፣ 16 ነጥብ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አብረው ስለማይሠሩ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ብቻ ይጨምራሉ። ድምሩ 19። መሰንቆው ደግሞ ከእጁ ሊነጠቅ ስለሚችል ከየ5 ነጥቡ 2 ይቀነሳል፤ 6 ወርዶ 13 ላይ አረፈ። አንድ ኃይል የነበረው ልጅ በ13 ነጥብ አራት አገኘ። የሚከፍለው ዋጋ መሰንቆውን መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ ሮቢት አካባቢ ጭራው ተበጥሶበት የፈረስ ጭራ ፍለጋ ሙሉ ምሽት ዞረን እናውቃለን፤ ከተጫወትናቸው ቀኖች ሁሉ እሱን የሚረሳ የለም።

5. ኃይሉ መቼ እንደሚሠራ ወስኑ

አሁን ወደ በረራው። ቀላሉ መንገድ ደረጃውን ከ7 ወደ 4 ማውረድ ነበር። ደረጃ 4 በሰዓት 30 ማይል ነው፤ ኮምቦልቻ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፣ እንደ ሚኒባሱ ማለት ነው። ልጁ ግን የማይነካ ነገሩ ይህ ነበር። ስለዚህ ፍጥነቱን አልነካንም። በሕጉ አንድ ኃይል በአንድ ሁኔታ ብቻ እንዲሠራ ሲገደብ በደረጃ 1 ነጥብ ይቀንሳል። በረራ በደረጃ 2 ነጥብ ነው፣ ሲገደብ 1 ይሆናል። 14 ነጥብ የነበረው 7 ሆነ። ገደቡ ምን ይሁን ብዬ ጠየቅኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "በጭጋግ ብቻ" አለ።

ከዚህ የተሻለ ምንም ልፈጥር አልችልም ነበር። ደሴ ላይ ጭጋግ አይጠፋም፣ በተለይ ክረምት። ሲበርም ማንም አያየውም፣ ስለዚህ የመታየቱም ጣጣ አብሮ ተፈታ። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ጭጋጉ ይቀራል።

ያንን ያየነው ካራክተሮቹን ካስተካከልን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የነጋዴዎቹን ድምፅ በጠርሙስ አሽጎ የሚሸሽ ባጃጅ አለ፣ ሐረጎን ቁልቁል ይወርዳል። ነጎድጓድ ከጭጋጉ ውስጥ ሆኖ ይከተለዋል። እኔ ኩርባ በኩርባ እየተረክሁ ነው። አንድ ኩርባ፣ ጭጋጉ ወፍራም ነው። ሌላ ኩርባ፣ መሳሳት ጀምሯል፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ይታያል። ሦስተኛው ላይ "ከፊትህ ፀሐይ አለ" አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ማንም አይተነፍስም። ልጁ ዳይሱን በመዳፉ ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ "እወርዳለሁ። አስፋልት ዳር ቆሜ የሚመጣውን መኪና እጄን አንሥቼ አቆማለሁ" አለ። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበረው ጀግና በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍሮ፣ ከሹፌሩ ጋር ጫትና ናፍጣ ተወደደ እያለ እያወራ ኮምቦልቻ ገባ። ሹፌሩም ባጃጇ የት ሰፈር እንደምታድር ነገረው።

ለሌሎቹም እንዲሁ አድርጉ። አንዳንድ ኃይል በጊዜ ይገደብ። እሳት የምትጠራዋ ጠንቋያችን መንፈስ የምታናግረው ቡና ሲፈላ ብቻ ነው፤ በአቦል ትጠራለች፣ በቶና ትጠይቃለች፣ መልሱ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። ከመሃል ተነሥታ ከሄደች መልስ የለም። ስለዚህ ቀሪዎቹ ያንን ሁሉ ጊዜ በሩን መጠበቅ አለባቸው። አንድ ገደብ ለአራቱም ሥራ ፈጠረ።

6. ምስጢሩን ደብቁ

የማይታይ ኃይል መግዛት ይቻላል። 1 ነጥብ ስትከፍሉ ኃይሉ ሲሠራ ማስተዋል የሚችለው በደንብ ያተኮረ ሰው ብቻ ነው፣ ዳይሱና የማስተዋል ክህሎቱ ተደምረው 20 መድረስ አለባቸው። 2 ነጥብ ከሆነ በተራ ዓይን ጨርሶ አይታይም። እሳት ለምትጠራዋ ልጅ 1 ነጥብ ከፈልን፣ ሻማዋ ክብሪት የጫረች እንዲመስል። (አዎ፣ ሻማዋን መለስኩላት።)

ጭንብል ግን እርሱት። ደሴ ላይ ፊትህን ሸፍነህ ብትሄድ እንኳን አካሄድህን አይተው የማን ልጅ እንደሆንክ ይነግሩሃል። ስለዚህ ሁለት ስም ሳይሆን ሁለት ኑሮ ስጡት። ቀን ላይ ምን ይሠራል? ማን ይጠብቀዋል? ሲዘገይ ማን ይጠይቀዋል? ይህ ጨዋታ ካራክተሩን የሚያስቸግር ነገር በታሪኩ ውስጥ ሲመጣ ለተጫዋቹ ሂሮ ፖይንት የምትባል ነጥብ ይሰጠዋል፤ በኋላ ዳይሱ ሲከፋበት ደግሞ የሚጥልባት። እኛ ጋ አብዛኛዋ የምትመጣው ከእናቶች ነው። "የት አምሽተህ ነው? እጅህንስ ምን ነካው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ያጣ ልጅ ወዲያው 1 ነጥብ ይቀበላል።

7. የማይነካውን አስቀድማችሁ ተስማሙ

ወሎ ውስጥ እምነት ጌጥ አይደለም፣ የሰው ኑሮ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያለበትም አለ። ስለዚህ ታቦት፣ ቁርኣን፣ በስም የሚታወቅ ሼህ ወይም ገዳም የኃይል ምንጭም የሚዘረፍ ዕቃም አይሆንም አልን። ጅንም ዛርም ይኖራል፤ የትኛው ሃይማኖት ያሸንፈዋል የሚባል ታሪክ ግን አንጫወትም።

ቡዳን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። በቡዳ ስም የተገለሉ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ክፉ ፍጥረት ስትፈልጉ ይህን ስም ለባለ እጅ ሰው አትስጡት። አንድ ተጫዋቻችን ቀጥቃጭ ካራክተር ሊሠራ ሲያስብ "ቡዳ ላድርገው?" ብሎ ነበር። ተወያየንበት። በመጨረሻ ያደረገው፣ ብረት ስለሚያውቅ መንፈሶቹ ሁሉ የሚፈሩትን ብቸኛ ነገር የሚሠራ ሰው ነው። የነጎድጓድ ድክመትም ከዚያ መጣ፤ ብረት ሲነካው የኮከቡ ኃይል ይጠፋል። ሁለቱ ካራክተሮች ያለ እኔ እርዳታ በአንድ ገመድ ተያያዙ።

8. ለውጡን ታሪኩ ራሱ ያድርገው

"ከዛሬ ጀምሮ ኃይልህ ይህ ነው" ብላችሁ በወረቀት አትቀይሩ። አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

እኛ የመረጥነው ቦታ አይጠየፍ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ፣ ስሙ እንደሚለው ማንንም የማይጠየፍ። በእኛ ታሪክ ሌሊት ሌሊት የማይታዩት ሁሉ የሚሰበሰቡበት ነው፤ ማንም የማይባረርበት፣ ማንም የማይጣላበት። ካራክተሮቹ ተጠርተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ክሱ አንድ ነው፦ በአደባባይ በረራችሁ፣ ከተማውን አናወጣችሁ፣ እኛን ልታጋልጡን ነው። እንደ ሀገሩ ሽምግልና ሁሉም ተራ በተራ ተናገረ። ከዚያ እያንዳንዱ ካራክተር የሚተወውንና የሚያስቀረውን በራሱ አንደበት ተናግሮ ቃል ገባ። የሚያስቀረው ነገር ከላይ በቁጥር 2 ላይ የጻፋችሁት ነው። የሚተወው አዲሱ ወረቀት ላይ የሌለው ነው። ነጎድጓድ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ "ፀሐዩን ትቻለሁ፣ ጭጋጉን ተዉልኝ" አለ። ይህን አላስተማርኩትም፣ ከራሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንድም ፍልሚያ አልነበረም።

9. ሦስት ሳምንት ሞክሩት

አሮጌውን ወረቀት አትቅደዱት። አዲሱ "የሙከራ" ነው በሉ፣ ለሦስት ጨዋታ። በየጨዋታው መጨረሻ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ዛሬ ማን ዳይስ ሳይጥል ቀረ? ማን ታሪኩን ለብቻው ጨረሰው? የአንድ ሰው ስም በተከታታይ ከተጻፈ የእሱን ወረቀት እንደገና ክፈቱ። እኛ ጋ በሁለተኛው ሳምንት ባለ መሰንቆው ተጽፎ ነበር፤ የትዝታው ቅኝት ሁሉንም ጠላት ስለሚያስቆም ሌላው ሥራ ፈቶ ነበር። ትዝታ የሚይዘው ካራክተሩ አንድ ነገር የሚያውቅለትን ሰው ብቻ ነው ብለን ገደብነው። አሁን ቅኝቱን ከመጀመሩ በፊት ስለ ጠላቱ ወሬ ማጠያየቅ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ የሚሄደው ወደ ነጎድጓድና ወደ በርበሬ ሻጯ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ይጸድቃል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ነጥብ፣ በአንድ ጀብዱ 1 ገደማ ነው፣ እንደ ወትሮው ይሰብስቡ። ጣሪያውን ከ8 ለማሳደግ አትቸኩሉ። በሕጉ የተለመደው በየ15 ነጥቡ አንድ ጊዜ ነው፣ እኛ ግን እስካሁን 8 ላይ ነን፣ ማንም አልጠየቀም።

አሮጌዎቹ ወረቀቶች ፋይል ውስጥ ናቸው። ነጎድጓድ ባለፈው ቅዳሜ የእሱን አውጥቶ አየው፣ በረራ 7፣ ጉልበት 12። መልሶ ከተተውና "ዛሬ ጭጋግ አለ ወይስ የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። ዳይስ ጣልኩ።